ባባኮቶ ተገኘ

ከጫካው ሰፈር፣ ግንቦት 22

ለተከበሩ እትዬ ራቫኦ
ሳን ድኒ፣ ሬዩኒዮን ደሴት

ባሕር ቢለየንም ስምዎን ሳላነሳ ውዬ አላድርም። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎስ? የሚያስታምሟቸው አሮጊቶች እጅዎን ይመርቁልን፤ ቀድመውን ያረፉትም ካሉበት ሆነው ደጅዎን ይጠብቁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሩዙ ታጭዷል፤ ጣራውም ዘንድሮ አላፈሰሰም።

ይህን የምጽፍልዎ ከቤት ሆኜ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው። የጫካ እንስሳት የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ከቀይ ወንዝ ራስጌ ሸራ ተክለዋል፤ እኔም አብሬያቸው ነኝ። የምትመራቸው ቮሎሎና የምትባል የዋና ከተማ ዶክተር ናት። የቀሩት ከየአገሩ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። የብርዱን ወራት ሙሉ ያን ጥቁርና ነጭ የዛፍ እንስሳ፣ ባባኮቶን፣ ይቆጥራሉ።

ዶክተሯ ወደ መንደር ወርዳ፣ "ከእናንተም አብሮን የሚወጣ በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን፤ ደሞዝ የለውም፤ ሩዝና መኝታ አለ" ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እጄን ሳወጣ ደግሞ ሳቁ ባሰ። ጎረቤታችን ዛፊ ለእነሱ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጥሯል፤ "እኔ ጆንያ ተሸክሜ ይከፈለኛል፤ አንቺ እግርሽን ተሸክመሽ በነፃ ልትወጪ ነው?" አለኝ።

"እግሬ ካንተ ጆንያ ይቀላል" አልኩት።

የሚሠሩት ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ ወንድምዎ ራማሮ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማር ሊቆርጥ ገብቶ ያልተመለሰበት ማዶ። ከእሱ በኋላ እስከ ዘንድሮ ከኛ ሰው ማንም ያንን ሸንተረር አልተሻገረም። ሽማግሌው ራይኒቤ ቤተሰቡን ሰብስበው የተናገሩትን ሰምተው ይሆናል። አዲሱ መቃብር ቤት አልቋል። በነሐሴ አሮጌው ይከፈትና የሁሉም አጥንት አዲስ መግነዝ ለብሶ ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ ከዚያ በሩ በሲሚንቶ ይመረጋል። "የሚተኛበት ለሌለ አልጋ አልጠብቅም፤ አንዲት ጥርስም ብትሆን አምጡና እቀበላለሁ" አሉ። ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም። ስለዚህ ነው እጄን ያወጣሁት።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ወጥተን በተሰመረልን መስመር ላይ ድምፅ ሳናሰማ እንቀመጣለን። ባባኮቶዎቹ ከዛፍ ላይ ማንጎራጎር ሲጀምሩ ከየት በኩል እንደሆነ በጣት ማሳየት ነው። ኤልስ የምትባል የሆላንድ ልጅ አጠገቤ ትቀመጣለች። ቋንቋችንን ተምራ ነው የመጣችው፤ አፉን እንደፈታ ሕፃን ታወራለች። እኔ ጣቴን አጥፌ ሳሳይ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በኛ ዘንድ ወደ መቃብር ጣት መቀሰር ነውር ነው አልኳት። "እዚህ መቃብር የት አለ?" ብላ ዙሪያዋን አየች። አሁን ፈረንጆቹ ሁሉ ጣታቸውን አጥፈው ነው የሚጠቁሙት።

ትናንት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች።

"ባባኮቶ ምን ማለት ነው?"

"የኮቶ አባት ማለት ነው።"

"ኮቶስ ማነው?"

ከእግሬ ላይ አልቅት መንቀል ጀመርኩ። ልጄ ኮቶ በአራት ዓመቱ በወባ እንደሞተ፣ እሱ ከተወለደ ጀምሮ መንደሩ ሁሉ አባቱን በዚያው በእንስሳው ስም እየጠራ ይስቅ እንደነበር እንዴት ብዬ ልንገራት? ዛፊ ነገሩ ገብቶት፣ "ኤልስ፣ ነይ ድስቱን ያዥልኝ" ብሎ ወሰዳት።

ሌላ የምጽፈው ብዙ ነበረኝ። ወረቀቱ አለቀ።

የወንድምዎ ሚስት
ባኮሊ


ሳን ድኒ፣ ሰኔ 18

ለባኮሊ

ሰላም ለቤትሽ፣ ለአዝመራሽ፣ ለጤናሽም ይሁን። ስለ እኔ ጠይቀሻል፤ አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ እንደ ጎረቤት ውሻ ነው፤ እኔ ስተኛ እሱ ይጮኻል።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ወሬሽ ደርሶኛል። የሞራማንጋዋ ስልክ ቤት ባለቤት ደውላ፣ "የወንድምሽ ሚስት ዛፍ ላይ ወጥታ ከፈረንጅ ጋር አውሬ ትቆጥራለች" አለችኝ። በሃምሳ አራት ዓመትሽ! ዛፍ ላይ አለመውጣትሽን ከደብዳቤሽ ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ። ሰው ግን ምን ይላል? የኛ ቤት ሴት ማገዶ አጥታ በነፃ ለሰው ታገለግላለች አይልም? ብርዱ ሳይጠናብሽ ወደ ቤትሽ ተመለሺ።

እናታችን ስትሞት፣ "ጎኔን ክፍት ተዉልኝ" ብላለች። አንቺም ነበርሽ፤ ሰምተሻል። ከጎኗ ያለው አልጋ የልጇ ነው። ለራይኒቤ ደውዬ፣ "እስከ መጨረሻው ቀን ለማንም እንዳትሰጡ" ብያቸዋለሁ። "እህት በለመነች እንጂ በጮኸች አይሆንም" አሉኝ። ለመንኳቸው።

እኔ ለነሐሴው መምጣት አልችልም። የማስታምማቸው ሴትዮ መጨረሻቸው ደርሷል፤ ከእኔ እጅ ሌላ አይቀበሉም። ስለዚህ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን አለቀሰ፣ ሁሉንም ትጽፊልኛለሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜን "ራማሮ" ብለሽ ጽፈሻል። አባት እናቱ ያወጡለት ስም ነው፤ ይሁን። በዚህ ላይ የምለው ነበረኝ፤ በወረቀት የሚባል ስላልሆነ ትቼዋለሁ።

ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬልሻለሁ። አልቅት በሱፍ አያልፍም ይላሉ።

አልመለስም ካልሽ ግን፣ ካገኘሽም፣ ምንም ብታገኚ፣ መጀመሪያ ለእኔ ላኪ። ከራይኒቤ በፊት።

ራቫኦ


ከጫካው ሰፈር፣ ሐምሌ 6

ለተከበሩ እትዬ ራቫኦ

ካልሲዎቹ ደርሰውኛል፤ እግርዎ መሰናክል አይምታው፤ የሚያስታምሟቸውም ሴትዮ በሰላም ይሸኙ። አልቅቱ በሱፉ ያልፋል፤ ብርዱ ግን አያልፍም።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን ልንገርዎ። እኔና ኤልስ ከመስመራችን ተመልሰን ጎመኑን ከሩዙ ጋር ስንቀቅል ከላይ ከምንጩ ራስ ከአጥኚዎቹ አንዱ በኛ ቋንቋ ተጣራ። "ባባኮቶ ተገኘ! ሞቷል! ኑ!"

በእኛ መስመር ላይ መጮኽ አይፈቀድም፤ ጩኸት ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ ሮጥኩ። በወንዙ ውስጥ ሮጥኩ። አንድ ጫማዬን ወንዙ ወሰደው። ኤልስ ከኋላዬ ትጠራኛለች፤ ይሰማኛል፤ አልቆምኩም። ከአፌ የሚወጣውን አላውቀውም፤ ኤልስ በኋላ "ቆይ፣ ቆይ ትይ ነበር" አለችኝ።

ስደርስ ከድንጋዩ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። እንስሳው ነው። ጥቁርና ነጩ ፀጉሩ ግማሹ ረግፎ አጥንቱ ይታያል። በጣም ያረጀ፣ ጥርሱ ያለቀ ወንድ። ዶክተሯ ተንበርክካ ታየዋለች፤ ደስ ብሏታል፤ አጥንቱ ሳይበተን ሙሉውን ማግኘት ብርቅ ነው። ቀና ስትል አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችልኝ። "እማማ ባኮሊ፣ ማንን መስሎሽ ነው?" አለችኝ።

"ሩዙ እንዳያርር" ብያት ተመለስኩ።

እንግዲህ ሌላ አላገኘሁም። እስከ አሁን ያገኘሁት አንድ የዛገ የጀሪካን እጀታ ነው፤ እሱም የማንም ሊሆን ይችላል። ዛፊ ያን ዕለት ቀትር ላይ ስንቅ ሊያመጣ ወርዶ ስለነበር ይህ ደብዳቤ በሚቀጥለው ሲወርድ ይደርስዎታል።

የወንድምዎ ሚስት
ባኮሊ


ሳን ድኒ፣ ሐምሌ 9

ለእህቴ ለባኮሊ

በላይ ያለው እጅሽን ይባርክ፤ እግርሽን ይባርክ። እናታችን ካለችበት ሆና ትባርክሽ። ስቆጣሽ የኖርኩበትን አፌን ይዝጋልኝ።

ከሞራማንጋ ስልክ ተደወለልኝ። ሴትዮዋ የተነገራትን እንዳለ ነገረችኝ፤ እኔም ደጋግማ እንድትለው አደረግኋት፦ "ባባኮቶ ተገኝቷል። አሮጌ ነው። አጥንቱ ሙሉ ነው። ቶሎ ሰው ይላክ።"

ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። የማስታምማቸው ሴትዮ ከአልጋቸው ሆነው፣ "ማን ሞተ?" አሉኝ። "ማንም አልሞተም፤ ወንድሜ ተገኘ" አልኳቸው። አብረን አለቀስን፤ ሰውየውን አያውቁትም።

"አሮጌ" ማለታቸው ትንሽ አሳሰበኝ። ሲጠፋ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚያ ኖሮ ነው እንዴ? ማርና ሥር እየበላ አርጅቶ ነው እንዴ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ከዚያ አጥንቱን ማለታቸው ነው ብዬ ለራሴ መለስኩ።

አሁን ስሚኝ። የግራ እግሩን ትንሿን ጣት እዪልኝ። ተሰብራ ጠማማ ሆና ነው የዳነችው። እኔ ነኝ ሩዝ ስወቅጥ ዘነዘና ጥዬ የሰበርኳት፤ እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ። ለእናታችን "ድንጋይ መታኝ" ብሎ ዋሸልኝ። ጣቷ ካለች እሱ ነው።

ለራይኒቤ ደውያለሁ። "ሰዎች እልካለሁ" አሉ። ለቤተ ክርስቲያን ማኅበራችንም ተናግሬያለሁ፤ እሑድ ለእሱ ተዘመረ። መግነዙን ገዝቻለሁ፤ እውነተኛ ሐር፣ ቀይ፣ ዳሩ በነጭ የተዘመዘመ። እስከ ዛሬ ለራሴ እንዲህ ያለ ጨርቅ ነክቼ አላውቅም። ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ።

ቶሎ ጻፊልኝ። ስለ ጣቷ ጻፊልኝ።

እህትሽ
ራቫኦ


ከጫካው ሰፈር፣ ሐምሌ 20

ለተከበሩ እትዬ ራቫኦ

ሰላምታዬን እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። እግዚአብሔር ልብዎን ይያዘው።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። አሁን የእኔ ደርሶዎት ይሆናል፤ ካልደረሰዎት ደግሞ ከዚህ ይወቁት። የተገኘው እንስሳው ነው። ዶክተሯ አጥንቱን ለዩኒቨርሲቲው የሚወስድ ሰው እንዲላክላት በዛፊ መልእክት ሰደደች። ዛፊ የተባለውን ቃል በቃል ስልክ ቤት አደረሰ። ስልክ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ዛፊ የመንደራችን ሰው ስለሆነ፣ ባባኮቶ ከተባለ ሌላ ማን ይሆናል ብላ ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለእርስዎ ደወለች። የዋሸ የለም። ሁሉም የሰማውን ነው የተናገረው።

ቅዳሜ ዕለት የራይኒቤ ሰዎች መጡ። ሽማግሌው ራሳቸው በዱላ እየተደገፉ፣ አራት ጎልማሶች፣ አዲስ ሰሌን፣ አንድ ጠርሙስ ሮም አረቄ፣ አንድ ከበሮ። ሸንተረሩን ተሻግረው። ያን ሸንተረር! ከበሮው ከታች ሲሰማ ፈረንጆቹ በዓል መስሏቸው ልብሳቸውን ቀየሩ።

ራይኒቤ ሰላምታ ሰጥተው፣ "የኛን ሰው ልንወስድ መጥተናል" አሉ። ዶክተሯ ዩኒቨርሲቲው የላካቸው መስሏት፣ "በደንብ አጥቤ አድርቄዋለሁ፤ አንዲትም አልጎደለች" ብላ ሸራውን ገለጠች።

ከጎልማሶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ "ይሄ ጭራ ነው እንዴ?" አለ።

"አዎ፣ አጭር ናት" አለች ዶክተሯ።

"ራማሮ ጭራ ነበረው?" አለ ወደ ጓደኛው ዞሮ።

ዛፊ ከድስቱ ኋላ ተደብቆ፣ "እኔ ያሉኝን ነው ያልኩት" አለ። ከሚስቁትና ከማይስቁት መካከል ሆኜ መሬት መሬት አየሁ። ራይኒቤ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በአጥንቱ ፊት ቁጭ አሉ። ከጠርሙሱ ትንሽ ቀድተው መሬት ላይ አፈሰሱ። "ይኸኛውም ስሙ ያው ነው" አሉ። ከዚያ ሰሌኑን ጠቅልለው ተሸክመው ወረዱ። ባዶውን።

ሲሄዱ፣ "ቀኑ አይለወጥም፤ ሰው ሁሉ ሩዙን አዋጥቷል" አሉኝ።

ስለ ጣቷ ለጠየቁኝ መልስ የለኝም። ጠማማ መሆኗን አስታውሳለሁ። ቢቆጡም ይጻፉልኝ።

ባኮሊ


ከጫካው ሰፈር፣ ሐምሌ 30

ለተከበሩ እትዬ ራቫኦ

ጤና ይስጥልኝ። ዛፊ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። ሴትዮዋ አርፈው እንደሆነ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በዚህ ዕድሜ የሚያጠፋኝ ዝምታዎ ነው።

ባኮሊ


ሳን ድኒ፣ ነሐሴ 2

ባኮሊ

ሴትዮዋ አርፈዋል። ዝም ያልኩት ግን ለእሳቸው ብዬ አይደለም፤ በአንቺ ነው።

በወረቀት አይባልም ያልኩትን ልበለው። ኮቶን ስንቀብር ስሙንም አብረሽ ቀበርሽው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን "አንተ" ነበር የምትይው። "አንተ፣ ና ብላ።" "አንተ፣ ውሃ ቅዳ።" ሰው ሁሉ "ባባኮቶ" ሲለው አንቺ ፊትሽን ታዞሪ ስለነበር ሰውም እየፈራሽ ተወው። በመጨረሻ ያ ስም የቀረው ጫካ ውስጥ ብቻ ነበር። ሄዶ ቢሰማው ምን ይገርማል? ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

መግነዙን ልመልስ ወደ ሱቁ ሄጄ ነበር። ባለ ሱቁ ዘርግቶ እንከን እየፈለገ፣ "አልተስማማዎትም?" አለኝ። "የሚለብሰው ሰው አልተገኘም" ልለው አፌን ከፈትኩና ጨርቁን ከእጁ ተቀበልኩ። ሰብስቤ ይዤው ተመለስኩ። ለሰው ተብሎ የተገዛ መግነዝ ወደ ሱቅ አይመለስም።

ከዚያ ምን እንዳወቅሁ ታውቂያለሽ? ስልኩ የተደወለ ቀን ወለል ላይ ያስቀመጠኝ አጥንቱ አልነበረም። ስሙ ነው። "ባባኮቶ ተገኝቷል" ስትለኝ ሰው ያንን ስም ለወንድሜ ብሎ ሲያነሳው መስማቴ ነው። አንቺም ጭልፋ ይዘሽ ወንዝ ውስጥ የሮጥሽው ለዚያው ስም ነው። ራማሮ ተገኘ ቢሉሽ ቆመሽ ትሰሚ ነበር።

ለራይኒቤ ደወልኩ። አልጮኽኩም። አያቶቻችን ባሕር የወሰደውን ሰው ሰሌኑንና ትራሱን ገንዘው ይቀብሩ እንደነበር አስታወስኳቸው። "ይሆናል" አሉ፤ "ግን ባዶ ሰሌን አላስገባም። ከጠፋበት ቦታ ይጠራ። ሲጠሩት ዞር በሚልበት ስም ይጠራ። የጠራው ሰው ሰሌኑን ተሸክሞ እስከ መቃብሩ ወደ ኋላ ሳያይ ይምጣ።"

እኔ ብሆን ልጠራው የምችለው ራማሮ ብዬ ነው፤ ለእኔ ታናሽ ወንድሜ ነው። በዚህ ስም ዞር አይልም። አንቺ ነሽ። በየትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ።

መግነዙን የሚያመጣው ሰው ማክሰኞ ይነሳል። ትራሱ አሁንም ቤትሽ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥለሽው አታውቂም።

ራቫኦ


ከቤት፣ ነሐሴ 19

ለተከበሩ እትዬ ራቫኦ

እርስዎን የሰጠን ይክበር፤ ለሴትዮዋም መሬቱ ይቅለላቸው። የጻፉትን ሁሉ ተቀብያለሁ። አንድም ቃል ያለ ቦታው የተጻፈ የለም። የሆነውን እንዳለ ልንገርዎ፤ ዓይንዎ እኔ ነኝ ብለውኛልና።

ወንድምዎን ከጫካው ጮኼ ልጠራው እንደሆነ ለዶክተሯ ነገርኳት። አንድ ጩኸት እንስሳቱን ከቦታቸው አንቀሳቅሶ ቆጠራውን ያበላሻል። እኔም ገብቼ ስወጣ አክብሬው የኖርኩት ደንብ ነው፤ ልለምናት አልፈለግሁም። "የመጨረሻውን መስመር ዓርብ እንዘጋለን፤ ከዘጋን በኋላ ጫካው የአንቺ ነው" አለችኝ። ጠበቅሁ።

ዛፊ ሰሌኑንና ትራሱን ከቤት አመጣልኝ። እንደሌላው ጊዜ አልቀለደም። ቀትር ላይ ሄድን፤ እኔ፣ እሱና ኤልስ። ቀትርን የመረጥኩት በዚያ ሰዓት እንስሳቱ ስለማይጮኹ ነው። ጠዋት ቢሆን ለማንም ይመልሳሉ። ከምንጩ ራስ ሁለት መንገድ ሲሆን ኤልስ፣ "በየት ነው?" አለችኝ። አሳየኋት። ጣቴን አይታ፣ "አላጠፍሽውም" አለች። እውነቷን ነው፤ ዘርግቼው ነበር።

ከድንጋዩ ሥር ሰሌኑን ዘረጋሁ፤ ትራሱን ከራስጌው አደረግሁ። አፌን ስከፍት መጀመሪያ የወጣው "አንተ" የሚለው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፌ የለመደው እሱን ነው። ዛፊ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጠራሁት።

"ባባኮቶ።"

ድምፄ ትንሽ ነበር። ደግሜ በደንብ ጠራሁት። "ባባኮቶ፣ ና ወደ ቤት እንሂድ።" ኮቶ በደረቴ ላይ እያለ ከማሳ ስጠራው እንደነበረው።

ጫካው ጭጭ አለ። ከዛፍ ላይ የመለሰ አንድም የለም። ስለዚህ የተጠራው እሱ ብቻ እንደሆነ አወቅሁ።

ሰሌኑን ጠቅልዬ ተሸከምኩ። ወደ ኋላ ሳላይ ሸንተረሩን ተሻገርኩ፤ ኤልስም አንዴ እንኳ አልዞረችም፤ እሷን ማንም አላዘዛትም። ከብዶኝ ነበር። ሰሌንና ትራስ እንዲያ አይከብድም።

ቅዳሜ ተከፈተ። ሰው ሁሉ መጣ፤ የቀረ አላየሁም። መግነዙን ሲያዩ ሴቶቹ እጃቸውን በአፋቸው አደረጉ፤ እንዲህ ያለ ቀይ በመንደራችን ታይቶ አያውቅም። ራይኒቤ የእያንዳንዱን ስም በመግነዙ ላይ የሚጽፍ ሰው አስቀምጠው ነበር። ተራዬ ሲደርስ ብዕሩን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት። እጄ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እጅ አያምርም፤ ግን ይነበባል።

አሁን ይቅርታ የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ። ከእናትዎ ጎን አላስተኛሁትም። ሌላ ቦታ ልለምናቸው ስጀምር ራይኒቤ፣ "አልጋውን እህቱ ለምና አስቀምጣለች" አሉኝ። "አውቃለሁ" አልኳቸው። ከበሩ በስተቀኝ፣ ከሁሉ ታች፣ አንዲት ትንሽ ጥቅል አለች፤ ክንዴን አታህልም። ከእሷ ጎን ነው ያስተኛሁት። እናትዎም እዚያው ናቸው፤ ክንዳቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል።

በሩ ተመርጓል። ካልሲዎቹን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ሲመጡ ያገኙኛል።

የኮቶ እናት